ቆሞ የሚጓዘው የጋሽ ይማም ፍግ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል? እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ሌላው ስለማይረሳው ሰው ሲጽፍ ስለ ጀግና፣ ስለ መምህር፣ ቢያንስ ስለ አንድ ደግ ሐኪም ይጽፋል። እኔ የምጽፈው የፍየል ፍግ ክምር ስለነበራቸው አንድ ጎረቤታችን ነው። ክምሩ ደግሞ ከተቆለለበት ቦታ ክንድ ያህል እንኳ ፈቅ አላለም። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሲሰማው ወይ በሽማግሌው የማሾፍ፣ ወይ የአዋሽ ሰው በሙሉ በሙቀት ናላው የዞረ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። የሆነውን በተቻለኝ መጠን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ፤ ያነበበ ይፍረድ።

ሰመራ ለትምህርት ከገባሁ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ከክፍል ስወጣ እናቴ ደወለች። «ሀያት፣ ጋሽ ይማም ወደ አኼራ ሄዱ» አለችኝ። ኢናሊላሂ አልኩ። ከዚያ ቀጥሎ ከአፌ የወጣው ጥያቄ «ፍጉስ የት ደርሷል?» የሚል ነበር።

እናቴ አልተቆጣችም። «ጋላፊ ነው» አለች። 

ጋሽ ይማም የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን በጅቡቲ መስመር ላይ ነው፣ በከባድ መኪና። አዋሽ ላይ ከእናቴ ምግብ ቤት አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከመኪና ከወረዱ በኋላም ሰውነታቸው አልወረደም። በእግራቸው ሲሄዱ መታጠፊያ ላይ ሳይቆሙና ቀኝና ግራ ሳያዩ አይታጠፉም። እናቴ ቤት ምሳ በልተው ሲነሱ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞረው እግሮቹን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጋሉ። እንግዳ ተመጋቢ ካየና ግራ ከገባው፣ «ጎማ ሳላይ አልነሳም» ይሉታል፤ ሰውየው የበለጠ ግራ ይገባዋል።

ከመኪና ያወረዳቸው ዐይናቸው ነው። መጨረሻ በጫኑበት ጊዜ ገዋኔ ሲደርሱ መንገዱ ሁለት ሆነባቸው። ዳር ይዘው ቆሙ። ባለ መኪናው ሌላ ሾፌር ላከና ጭነቱን እሱ አስገባው። መንጃ ፈቃዳቸውም ከዚያ ወዲያ አልታደሰም። ስለ ብዙ ነገር ይቀልዱ ነበር፣ ስለዚህ አንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። «የጫንኩትን ሳላስገባ የቀረሁት አንዴ ነው። አንዷ ግን የመጨረሻዋ ሆነች» ይሉ ነበር፤ ሌላ ሰው ልጄን ጎረቤት አሳደገው ሲል በሚያወጣው ድምፅ።

ረዳታቸው ተክሌ ይባላል። እሳቸው ሲወርዱ አብሮ ወረደ። «ሾፌሩ ከወረደ ረዳት መኪና ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራል?» አለና ጎሚስታ ቤት ጎማ መለጠፍ ጀመረ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሰፈሩ ግን «ተክሌ» ነው የሚለው። እኔም አንዴ «ጋሽ ተክሌ» ብዬው «ረዳት ጋሽ አይባልም፣ ሾፌሩ እንዳይሰማሽ» አለኝ። ጋሽ ይማምን በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። «ሾፌር» ነው የሚላቸው።

ነገሩ የተጀመረው በጋሽ ይማም ስህተት ነው። እናቴ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቦታ ቃሪያና ቲማቲም፣ ጥቂት ሰላጣም ተከለች። ጋሽ ይማም አጥሩን ተደግፈው ችግኞቹን እንደ መለዋወጫ ዕቃ መረመሩና፣ «ከዲጃ፣ ፍግ የሌለው መሬት ነዳጅ የሌለው መኪና ማለት ነው» አሏት።

«ፍግ ከየት ላምጣ?»

«አብሽሪ! ዛሬውኑ።»

ከሰፈሩ ጫፍ ፍየል የምታረባው የአፋር ሴት ፋጡማ ዘንድ ሄዱና ከጉረኖዋ ትኩስ ትኩሱን አስጠርገው በአህያ ጋሪ አስመጡ። ፋጡማ እንዲያውም ከታች ያረጀውና የደረቀው ይሻላል ብላቸው ነበር። «ትኩስ እያለ ማን ያረጀ ይበላል?» አሏት። በገዛ እጃቸው ችግኞቹ ሥር አለበሱት። ውኃም አጠጡ። «በሳምንቱ ታያላችሁ» አሉ።

አየን። ቃሪያው ከጫፍ ጀምሮ ቢጫ ሆነ፤ ቲማቲሙ እሳት ዳር የወደቀ ወረቀት መሰለ። ሰላጣውን እናቴ ራሷ ነቅላ ጣለችው፣ ትኩስ ፍግ የነካውን ቅጠል ጥሬውን ለደንበኛ አላቀርብም ብላ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ግን መደቡ እንደገና ለመለመ። ጋሽ ይማም ደስ ብሏቸው «አላልኳችሁም?» አሉ። ተክሌ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ሾፌር፣ ይሄ ቃሪያ አይደለም።»

አልነበረም። እኛ ዘንድ ደርጊ ሃራ የሚባለው፣ ሌላው ሰው ፕሮሶፒስ የሚለው እሾሃማ ዛፍ ነበር፤ እንደ ጤፍ ተጠጋግቶ የበቀለ። አገሩን ሁሉ ይዞ፣ ግጦሹን ሁሉ በልቶ፣ የቀረችው የእናቴ ጓሮ ነበረች።

«ጋሽ ይማም» አለች እናቴ ወገቧን ይዛ፣ «ቃሪያ ብልዎት ደን ሰጡኝ!»

ፋጡማ ልታይ መጥታ እስክታነባ ሳቀች። «ፍየሎቼ የበሉት እኮ ፍሬውን ነው። ፍሬው ሆዳቸው ውስጥ አይሞትም። ገብቶ ይወጣል። አንተ ደግሞ ቦታ መርጠህ ተከልከው!»

ጋሽ ይማም አልሳቁም። ከችግኞቹ አንዷን ነቀሉና ዐይናቸው አጠገብ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩአት። «ያለ ትኬት የተሳፈረች» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው የግብርና ባለሙያው የመጣው። ወደ ሰመራ ሲያልፍ ምሳ ሊበላ እናቴ ቤት ገባ። ጋሽ ይማም ከጎኑ ተቀምጠው ጠየቁት፣ እሱም እየበላ በትዕግሥት አስረዳቸው። ትኩስ ፍግ ተክል ያቃጥላል። የሚያሳምም ተሕዋስም አለበት፤ ጥሬውን የሚበላ ነገር አጠገብ አይደርስም። መጀመሪያ ከደረቅ ሣርና ከአገዳ ጋር ተቀላቅሎ ይከመራል፣ ይረጥባል፣ ከውስጡ በራሱ ይግላል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይግላል። ግለቱ ተሕዋሱንም የአረሙን ዘርም ይገድላል። መጋል ሲያቆም ደግሞ ቀዝቅዞ ይሰነብታል። ያኔ አፈር ይሆናል።

«በደንብ ገባኝ» አሉ ጋሽ ይማም። «የት መድረሱን በምን አውቃለሁ?»

ባለሙያው አሰበ። «የት መድረሱን?»

«መንገዱን ነዋ። አሁን የት ነው፣ ምን ቀረው የሚለውን።»

«አባቴ፣ እሱ እንኳ የት የሚባል ነገር የለውም» አለ ባለሙያው፣ አውቶቡሱ ሊነሳበት ሲልም ሮጦ ወጣ። ጋሽ ይማም ይህን ትልቅ ጉድለት አድርገው ያዙት። በማግሥቱ ጉድለቱን ራሳቸው ሞሉት።

ከእኛ ጓሮ ጀርባ የሀጂ እንድሪስ ባዶ ቦታ አለ። ሀጂ ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘን እስኪሠሩበት ድረስ ቦታውን ለጋሽ ይማም ፈቀዱላቸው። እዚያ ላይ፣ ከውኃ በርሜላችን ራቅ አድርገው፣ ጋሽ ይማምና ተክሌ የፋጡማን ፍግ ከአገዳና ከደረቅ ሣር ጋር እያቀላቀሉ ከመሩት። ሲጨርሱ ሸራ አለበሱት። ሸራውን ጅቡቲ መስመር ላይ እንደሚታሰረው በገመድ መስቀለኛ አሰሩት። ተክሌ አራቱም ማዕዘን ላይ ታኮ አስገባ፤ ቁልቁለት ላይ ጎማ ሥር የሚገባውን ድንጋይ ማለቴ ነው። ከኋላው ቀዩን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አቆመ። ከፊቱ ደግሞ ከጋራዥ የመጣ አሮጌ የሾፌር ወንበር አስቀመጡ፣ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዙረው።

ጋሽ ይማም ቢስሚላህ ብለው ወንበሩ ላይ ወጡ። «ተነሳን» አሉ።

እናቴ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ ነበር። «ወዴት?»

«ወዴት ይባላል? ወደ ጅቡቲ ነዋ!»

«መሪ እንኳ የለዎት።»

«መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።»

እንግዲህ አካሄዱ እንዲህ ነበር። ክምሩ መሞቅ ሲጀምር አዋሽ አርባ ገባ ይባላል። ሆዱ ውስጥ የተተከለውን ፌሮ ብረት ስበው ሲያወጡት በእጅ የማይያዝ ከሆነ ገዋኔ ደርሷል። ተገልብጦ፣ ዳር የነበረው መሐል ገብቶ፣ እንደገና ሲግል ሚሌ ነው። ተገልብጦ መጋል እምቢ ሲል ሎግያ፣ ቀዝቅዞ ሲያርፍ ሰመራ፣ የፍየሉ ጠጠር ጠፍቶ ዝናብ የመታው አፈር ሲሸት ዲቼቶ። ጋላፊ፣ ድንበሩ ላይ፣ ፍተሻ አለ፤ ከክምሩ በቆርቆሮ ጣሳ ይዘገንና ባቄላ ይዘራበታል። ባቄላው ደህና ከበቀለና ሌላ ያልተጠራ ነገር ካልበቀለ ኬላው ይከፈታል። ጅቡቲ የእናቴ መደብ ነው።

ገልባጩ ተክሌ ነበር፣ በመንሽና በአካፋ። ሲገለብጥ ጋሽ ይማም ከኋላ ቆመው «ና! ና! ና! ቀኝ ስበር! በቃ!» ይላሉ። የመጨረሻው አካፋ ሲወርድ ተክሌ የክምሩን ጎን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ረዳት የመኪናውን ጎን መትቶ ለሾፌሩ «ጨርሰናል» እንደሚለው። ፍግ ሲመታ ድምፅ የለውም። ይመታል ግን።

ውኃ የሚጠጣው በጀሪካን ነው። በአዋሽ ፀሐይና ንፋስ ክምሩ ቶሎ ይደርቃል፤ ከደረቀ ግለቱ ይጠፋል። ያኔ ጋሽ ይማም «ራዲያተር ጨረሰ» ይሉና ተጓዡ መንገድ ዳር ይቆማል። ውኃው በዝቶ እንዳይሸት ደግሞ ከውስጥ እፍኝ ዘግነው ይጨምቃሉ፤ ጠብታ ቢጤ በጣቶቻቸው መሐል ብቅ ካለ ይበቃዋል፣ ከፈሰሰ ተበላሽቷል። ከክምሩ መጥቶ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እናቴ ቤት የገባ ሰው ወዮለት! አጥሩ ላይ ጀሪካን በሽቦ አንጠልጥለው፣ ሳሙና በገመድ አስረው ነበር። አንዴ ከተማ ውስጥ የታወቀ አንድ ሰው ክምሩን ጎብኝቶ፣ ሸራውን ነካክቶ፣ በቀጥታ ምሳ ሊያዝ ገባ። ጋሽ ይማም ክንዱን ይዘው ከጠረጴዛው አስነሱት። «ጌታዬ፣ ካፒታሉ ፍየል ነው፤ ትርፉ በሽታ እንዳይሆን» አሉት። ሰውየው ታጠበ።

አንዲት ጎረቤታችንም ግቢ ስትጠርግ የሰበሰበችውን የድመትና የውሻ እዳሪ በፌስታል ይዛ መጣች፣ ይጨመር ብላ። ጋሽ ይማም እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘረጉ። «ኮንትሮባንድ! ሥጋ የሚበላ እንስሳ እዚህ መኪና ላይ አይጫንም። በሽታው ግለት አይፈራም።» ሴትዮዋ ተቀይማ ተመለሰች። ለጥቂት ቀን ሰላም አላለችንም። በኋላ እሷም «የት ደረሰ?» ማለት ጀመረች።

ሁሉም ሰው «የት ደረሰ?» ይል ነበር። መጀመሪያ ለሳቅ፣ ኋላ ግን የእውነት። ምሳ የሚበሉ ሾፌሮች «ሚሌ ላይ ለምን ቆየ?» ብለው ይከራከሩ ነበር። አንዱ የጋሽ ይማም የድሮ ጓደኛ ከጅቡቲ ሲመለስ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «በመንገድ አላየሁህም» አላቸው፣ በቅሬታ። «ሸራ አልብሼ ነው» አሉት።

ለትምህርት ወደ ሰመራ ስሄድ ክምሩ ሚሌ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቴ ደውላ «ደስ ይበልሽ፣ ዛሬ ሰመራ ገባ» አለችኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ ብያለሁ። ከግቢ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ባጃጆች ያልፋሉ፣ ተሳቢዎች ያልፋሉ፣ አቧራው ይነሳል። ምንም እንደማይመጣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሸራ የለበሰ መኪና ሁሉ ሲያልፍ በዐይኔ እሸኘው ነበር። ቤቴ የናፈቀኝ መሰለኝ። የክፍል ጓደኛዬ «ማንን ነው የምትጠብቂው?» ስትለኝ «ጎረቤታችንን» አልኳት።

በእረፍት ወደ አዋሽ ስመለስ ጣሳው ላይ ባቄላ በቅሎ ነበር። ሁላችንም ተሰበሰብን፤ እናቴ፣ ፋጡማ፣ ተክሌ፣ ሀጂ እንድሪስም። ሀጂ ብሎኬት አዝዘው ስለነበር ቦታቸው እስኪለቀቅላቸው ቸኩለዋል። የጋሽ ይማም ዐይን ያኔ በጣም ደክሞ ነበር፤ ፍተሻውን የሠሩት በጣታቸው ነው። የባቄላውን ሰፊ ቅጠል ዳሰሱ። «ማሻአላህ» አሉ። ሌላውን ዳሰሱ። «ማሻአላህ።» ከዚያ ጣታቸው ጣሳው ዳር ላይ ቆመ። ላባ የመሰለች፣ ደቃቅ ቅጠል ያላት ችግኝ ነበረች።

«ይቺ ማናት?»

ተክሌ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ተክሌ፣ ይቺ ማናት?»

«እሷ ናት፣ ሾፌር፤ ያለ ትኬት የተሳፈረችው።»

«አንድ ናት እኮ!» አለች እናቴ። «ትነቀልና ይለፍ።»

«አንዷ ብቅ ካለች ሸራው ሥር ስንት ተኝቷል? ዳር ዳሩ አልጋለም ማለት ነው። ባለፈው ቃሪያ ብለሽኝ ደን ሰጥቼሻለሁ፤ አሁን እያወቅኩ ልስጥሽ?» ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ተክሌ፣ አዙር።»

«ወዴት፣ ሾፌር?»

«ሚሌ።»

ተክሌ አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠና ራሱም አጠገቡ ቁጭ አለ። ፋጡማ «ያ አላህ፣ ፍየሎቼ እንኳ ይሄን ያህል መንገድ አያውቁም» አለች። ሀጂ እንድሪስ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ይማም፣ ወንድሜ፣ ብሎኬቱ ነገ ይመጣል። ይሄን ነገር አንሳልኝ። መኪና እኔ አመጣልሃለሁ፣ ወደ ፈለግከው ይወሰድ።»

«ሀጂ፣ እየሄደ ካለ መኪና ላይ ጭነት አይወርድም።»

«ቆሟል እኮ!»

«አንተ ውጭ ሆነህ ስለምታየው ነው።»

«ወላሂ፣ እኔ ገብቼ እንዳየው ትፈልጋለህ?»

«አሁን ሊግል ነው፣ አይመከርም።»

ሀጂ ተናደው ሄዱ። እኔም ያኔ ነገሩ ያበቃለት መሰለኝ። ጋሽ ይማም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው «ይሄም ገዋኔ ላይ ሊቀር ነው?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ክምሩ ገዋኔን አልፎ ነበር። የሚሉት ዐይናቸው ስላስቀረው ስለዚያ የመጨረሻ ጭነት መሆኑ ገባኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ብሎኬት የጫነ መኪና የኋሊት ወደ ቦታው ገባ። ሾፌሩ ወጣት ነው። ሀጂ ከፊት ቆመው ክምሩን በምርኩዛቸው እያሳዩ «እዚያ ላይ አራግፈው! እዚያው ላይ!» ይላሉ። ተክሌ ክምሩ ፊት ቆሟል፣ እጁን አጣምሮ። ወጣቱ ከጋቢናው ወረደ። ሸራውን አየ፣ የገመዱን አስተሳሰር አየ፣ ታኮውን አየ፣ ቀዩን ምልክት አየ። ጋሽ ይማምን ወንበራቸው ላይ አየ።

«የት ደርሷል?» አለ።

«ሚሌ» አለ ተክሌ። «ከጋላፊ ተመልሶ ነው።»

«ውይ!» አለ ወጣቱ፣ ጉንጩን በእጁ ይዞ። ከልቡ አዘነ። ከዚያ ወደ ሀጂ ዞረ። «ሀጂ፣ የሰው ጭነት ላይ አላራግፍም። ታኮ ገብቶለታል።»

«ፍግ ነው እኮ፣ ልጄ!»

«ምን እንደጫነ አልጠየቅኩም።»

ብሎኬቱን በዙሪያው አራገፈ። ሀጂ እንድሪስ ለተወሰነ ጊዜ ከብሎኬቱ ወደ ሾፌሩ፣ ከሾፌሩ ወደ ክምሩ እያዩ ቆሙ። በመጨረሻ ሳቃቸው መጣ፤ ጥምጣማቸው እስኪፈታ ሳቁ። ግንበኛውን ጠሩና «በዙሪያው ገንባው» አሉት። በእውነት ተገነባ። መጋዘኑ ግድግዳ ሲያወጣ ክምሩ መሐሉ ላይ ነበር፤ ከፊቱ አሮጌው ወንበር፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። ግድግዳው ፀሐዩንና ንፋሱን ስለጋረደለት እንደ በፊቱ ቶሎ ቶሎ መድረቁን ተወ። ጋሽ ይማም ይህን ለሀጂ ሲነግሯቸው፣ «እንግዲያው ያለእኔ መጋዘን አትደርስም ነበር በለኛ» አሏቸው። ታረቁ። ተክሌም አሁን ከዳር ከዳር አስቀድሞ ወደ መሐል እየመለሰ፣ ምንም ጥግ ሳይተው ገለበጠው። ፌሮው እንደገና አልያዝ አለ።

ወደ ሰመራ ከተመለስኩ በኋላ ጋሽ ይማም ታመሙ። ልጃቸው ሰዓዳ ከኮምቦልቻ መጥታ ወሰደቻቸው። ሲሄዱ ክምሩን ዞረው ሸራውን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ ለተክሌም «አደራ» አሉት፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በስልክ ይጠይቁ ነበር። ሎግያ ሲባሉ «አልሃምዱሊላህ»፣ ሰመራ ሲባሉ «ሀያት አየችው?»። ተክሌ ይገለብጣል፣ ያረጥባል፣ ፌሮውን ይስባል። ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጠም። ከጎኑ ጀሪካን ገልብጦ እሱ ላይ ይቀመጥ ነበር።

የቀረውን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷ ፊት ነው የተደወለው። ጣሳው ላይ ባቄላ እንደገና ተዘርቶ፣ ገና አፈሩን መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ሰዓዳ ስትደውል ተክሌ እናቴም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፈተው። በዝቅታ ነበር የምታወራው።

«ጋሽ ተክሌ፣ አባቴ ደክሟል። ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠን። በአላህ፣ ደርሷል በለው። አንዴ ደርሷል ሲባል ቢሰማ ያርፋል።»

ተክሌ እናቴን አያት። እናቴ «በለው» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ጣሳውን አየ። አፈሩ ተሰንጥቋል እንጂ የሚወጣው ባቄላ ይሁን ሌላ ገና አይታወቅም። እጁን በሱሪው ጠረገና ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ሾፌር።»

«የት ነን?» ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኖ ነበር።

ተክሌ አፉን ከፈተ። እናቴ እንደምትለው፣ «ደ» የምትለዋ ፊደል ከንፈሩ ላይ ነበረች። ዋጣት።

«ጋላፊ።»

«ለምን ቆምክ?»

«ወረፋ ነው፣ ሾፌር። ገና አልተፈተሽንም።»

  ከስልኩ ሳቅ ተሰማ፣ ሳል የተቀላቀለበት።

«ወረፋ! እዚያ መቼ ወረፋ ጠፍቶ ያውቃል! ስማ፣ ሞተር አጥፋ። ከኋላ ክላክስ የሚያደርግብህን አትስማ። ሳትፈተሽ እንዳታልፍ።»

«እሺ ሾፌር።»

«ጋቢና ማን አለ?»

«ማንም። እኔ ከጎን ነኝ።»

«ተቀመጥበት። ባዶ ጋቢና ኬላ አያልፍም።»

«ሾፌር፣ እኔ እኮ...»

«ተቀመጥ፣ ተክሌ።»

ተክሌ ስልኩን እንደያዘ ወደ ወንበሩ ሄደ። ዕድሜውን ሁሉ ከጎን ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው፤ ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደበት።

«ተቀመጥክ?»

«ተቀመጥኩ።»

«እንዴት ነው?»

«ይቆረቁራል።»

«አዎ፣ ይቆረቁራል» አሉ ጋሽ ይማም። «በል ደህና ግባ።»

በማግሥቱ ከፈጅር በፊት አረፉ።

ተክሌ ከቀብር ሲመለስ ባቄላው ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቶ ነበር። ሌላ ነገር አልነበረም። እናቴ «እንግዲህ አለፈ» ስትለው «ገና ነው» አላት። ባቄላው ቁመት እስኪያወጣ ጠበቀ። ሁለተኛ ጣሳ ዘራ፣ ከክምሩ ዳር ዘግኖ። እሱም ንጹሕ ወጣ። ያኔ ለእኔ ደወለና «ከቻልሽ ቅዳሜ ነይ፣ እንገባለን» አለኝ። በሚኒባስ መጣሁ፤ በስልክ ስሙን ስሰማ የከረምኩትን መንገድ እስከ አዋሽ የኋሊት ተጓዝኩት።

ፋጡማ ነበረች፣ ሰዓዳም ነጠላዋን ተከናንባ ከኮምቦልቻ መጥታ ነበር። ሀጂ እንድሪስ ግንበኞቻቸውን ሥራ አስቁመው በሩ ላይ ቆመዋል። ተክሌ ገመዱን ፈታ፣ ሸራውን ገለጠ። ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ አፈር ነው፤ አንድም የፍየል ጠጠር አይታይበትም። ዝናብ የመታው ሜዳ ይሸታል።

«ማን ይረከባል?» አለ ተክሌ፣ በደረቅ የሥራ ድምፅ።

«እኔ» አለች እናቴ። ጎንበስ ብላ እፍኝ ዘገነች፣ አሸተተችው፣ በጣቶቿ አፈሰሰችው። ቀና አለች። «ሙሉ ነው፤ ተረክቤያለሁ።»

ሰዓዳ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። «እኔ እኮ ዋሽልኝ ብዬው ነበር» አለች ለእናቴ። እናቴም «እኔም» አለቻት።

በአካፋና በባልዲ እያመላለስን መደቡ ላይ በተንን፣ ከአፈሩ ጋር አዋሐድን፣ የቃሪያ ችግኝ ተከልን፣ ውኃ አጠጣን። እጃችንን በሳሙና ታጠብን፤ ማንም ሳይነግረን። ምሳ ሲቀርብ ተክሌ የለም። ፈልገን ስናገኘው ጣሪያ ገና ባልወጣለት ባዶ መጋዘን ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሀጂ እንድሪስ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና ግንበኞቹን ወደ ቤት ሰደዱ፤ ሲሚንቶው የዛን ቀን ሳይቦካ ቀረ።

ጭነቱ ጅቡቲ የገባው ቅዳሜ፣ መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።